ዘጠኝ ልጆች፣ ሃያ ሰባት ኪሎ ሽንኩርት

ነሐሴ 14 ቀን 2015፣ እሑድ

ትናንት ሆያ ሆዬ ባዮቹ ሙልሙላቸውን ተቀብለው ደረጃውን እንደወረዱ ልጄ በሩን ዘጋችና «አባዬ፣ ዘንድሮ ልደቴ አለ» አለችኝ። ለማያውቀን ሰው ይህ ግራ የሚያጋባ ንግግር ነው። ልደት የሌለበት ዓመት አለ እንዴ? ለእሷ አለ። የተወለደችው ጳጉሜ 6 ቀን 1999፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ጳጉሜ ደግሞ ስድስተኛ ቀን የምታገኘው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነው።

ያች ማታ ተራ ማታ አልነበረችም። አገሩ ሁሉ 2000 ዓመተ ምሕረትን ሊቀበል ደጅ ወጥቶ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ርችቱ ሲተኮስ ልጄ የሦስት ሰዓት ዕድሜ ነበራት፤ እኔም በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ከማላውቃቸው አባቶች ጋር እየተቃቀፍኩ እንኳን አደረሰህ እባባል ነበር። ትንሽ ብትዘገይ መስከረም 1 ቀን 2000 ተወልዳ ከነጭራሹ ችግር አይኖርብንም ነበር። እናቷ ይህን ስል አትወድም፤ «አንተ ነህ የምታምጠው?» ትላለች።

በሌሎቹ ዓመታት ጣጣው ድርብ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 የሚል ሰፍሯል። ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ በሆነችበት ዓመት ይህ ቀን የሚውለው መስከረም 1 ላይ ነው። ስለዚህ እኛ ጳጉሜ 5 ዳቦ እንቆርስላታለን፣ ስልኳ በማግስቱ እንኳን ተወለድሽ ይላታል፣ ዶሮው የእንቁጣጣሽ ይሁን የእሷ ማንም አይለይም። ዘንድሮ ግን ሁለቱ አቆጣጠሮች ታርቀዋል፤ ሰኞ ጳጉሜ 6። አሥራ ስድስት ዓመት ይሞላታል፣ ቀኑን ያገኘ ልደቷ ግን ገና አራተኛው ነው።

በጀት፦ 7,000 ብር። የባለ ልደቷ ቅድመ ሁኔታዎች፦ ፊኛ የለም፤ ፎቶዋ የታተመበት ቶርታ የለም፤ አጎቶች የሉም። የመጨረሻውን ለአጎቶቹ የምነግረው እኔ ነኝ።

ነሐሴ 16፣ ማክሰኞ

ፍልሰታ ተፈታ። ከምሳ በኋላ የኮንዶሚኒየማችንን ኮሙናል ለጳጉሜ 6 ለመያዝ ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሄድኩ። ሰውየው ደብተሩን ሳይከፍቱ ሳቁ። የዋዜማ ዕለት ኮሙናሉ የበግና የቅርጫ ነው፤ ተራው ከሐምሌ ጀምሮ ተይዟል። «ልደቱን ወደ መስከረም 2 ብታዞሩትስ?» አሉኝ። አራት ዓመት የተጠበቀች ቀን እንደማትዞር ላስረዳቸው ስሞክር ስልካቸው ጠራ።

ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ነው። ሶፋው ወጥቶ ስምንት ልጅ፣ ሶፋው ሳይወጣ አምስት ይይዛል።

ነሐሴ 19፣ ዓርብ

አሥራ አራት ቤት ደወልኩ። በመጀመሪያ የሞተው የአዳር ሐሳብ ነው። ሴት ልጁን ለአዳር፣ ያውም በዓመት በዓል ዋዜማ የሚለቅ ወላጅ እዚህ ከተማ ውስጥ ካለ እኔ ስልኩ የለኝም። ከሰዓት በኋላ ብቻ ይሁን ብዬ ዝቅ አልኩ። እሱም አልሆነ። እሺ ያሉኝ ሦስት ናቸው።

የእምቢታው ምክንያት ግን አስገረመኝ። ዝናብ ያለ የለም፣ ወንዶች ይኖራሉ ወይ ያለችም አንዲት እናት ብቻ ናት። ከዘጠኝ ያላነሱት የመለሱልኝ መልስ በቃል አጣጣል ብቻ ይለያያል፦ «ወንድሜ፣ በዋዜማ ልጄን ለቅቄ ሽንኩርቱን ማን ይከትፍልኛል?»

ይህን ለባለቤቴ ሳወራ ወጥ ቤት ሆና «እንግዲያው ሽንኩርቱን ይዘው ይምጡ በላቸው» አለች። ቀልዷን ነበር። ልጄ ግን ከመኝታ ቤት ወጣች። «እውነትሽን ነው?» አለች።

ነሐሴ 21፣ እሑድ

ሁለተኛ ዙር ስልክ። አሁን ደዋይዋ ልጄ ናት፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። የምትለው ይህንን ነው፦ እያንዳንዱ ልጅ የቤቱን ሽንኩርት፣ ቢላዋና ባልዲ ይዞ በሰባት ሰዓት ይመጣል። አብረን እንከትፋለን፣ እንበላለን፣ እንጫወታለን። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጁም የተከተፈው ሽንኩርትም ቤቱ ይገባል።

ስምንት እናቶች እሺ አሉ። አንዷ ደግማ አስነገረቻት፤ ከዚያ ስልኩን ለእህቷ ሰጥታ እሷም እንድትሰማ አደረገች። ሌላዋ «የእኔዋ ሽንኩርት ስትከትፍ ድንች የምትከትፍ ነው የሚመስለው፣ ለእናንተ ትተርፋለች?» ብላ ጠየቀች። ሁለት ወንዶች አሉበት፤ የአንደኛው እናት ሳቋ አላቆም ብሎ መልስ ለመስጠት መልሳ መደወል ነበረባት።

ከጓደኞቿ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው። የአንዷ እናት በትሕትና ስለ ምግቡ ጠየቀች። ቀድሞ አስበንበት ነበር፤ ሥጋ የሚባል ነገር ገበታው ላይ አይኖርም። ሽሮ፣ ቀይ ስር በድንች፣ በቲማቲም የተሠራ ፓስታ፣ የአማቴ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ። በነጋታው ሁሉም ቤት ሥጋ ስለሚበላ ቅር የሚለው አይኖርም። እንዲያውም በዋዜማ ሆድ ቀለል ብሎ መዋሉ ጥበብ ነው እላለሁ፤ ይህንን በየዓመቱ እላለሁ፣ በየዓመቱም የሚሰማኝ የለም።

ነሐሴ 28፣ እሑድ

ሙከራ። ሰዓቱን በግምት ብቻ ማመን አልወደድኩም፤ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ካላለቀ ዘጠኝ ቤት ዶሮ ወጥ ይዘገያል፣ ዘጠኝ እናት ለእኔ ትደውላለች።

ሦስት ኪሎ ገዝቼ እኔና ልጄ ተቀመጥን። ለአንድ ዶሮ የሚበቃው ሁለት ነው ሦስት በሚለው ላይ አማቴና ባለቤቴ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተስማሙም፤ እኔ የአማቴን ቁጥር ይዣለሁ፣ ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት አውጥተው ሲጨርሱ የሌላው ሰው ገና ላባዋ አላለቀም። ሦስቱን ኪሎ ልጦ፣ አጥቦና ድቅቅ አድርጎ ከትፎ ለመጨረስ ልጄ ብቻዋን ብትሆን አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጅባታል ብለን ሰላን። ለለማጅ ሁለት ሰዓት እንያዝ። ጊዜው ይበቃል፤ እንባው ነው ያስቸገረው።

ልጄ ከኬሚስትሪ ትምህርቷ አስረዳችኝ። ሽንኩርቱ ሲቆረጥ ህዋሶቹ ይፈነዳሉ፤ ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይገናኙና ድኝ ያለበት ጋዝ ይወጣል፤ ዓይን ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ያቃጥላል፤ ዓይን ያንን ለማጠብ ያነባል። ስለዚህ ስለት ያለው ቢላዋ ይሻላል፣ ደነዙ ህዋሱን ይጨፈልቀዋልና። ሽንኩርቱን ቀድሞ ማቀዝቀዝም ጋዙን ይቀንሰዋል። ግማሹን ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆይተን ሞከርነው፤ ልዩነት አለው። ሃያ ሰባት ኪሎ የሚይዝ ፍሪጅ ግን የለንም።

መፍጫ ማሽን ለምን አንጠቀምም ያለ ካለ ለባለቤቴ ይንገራት። በማሽን የተፈጨ ሽንኩርት ውኃ ይለቃል፣ ሲቁላላም ይመራል ትላለች። እኔ ልዩነቱን ቀምሼ አላውቀውም፤ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፅ የለኝም።

ጳጉሜ 1፣ ረቡዕ

ቶርታ አዘዝኩ። በዋዜማ ኬክ ቤቶች በር ላይ ያለውን ሰልፍ ስለማውቅ አምስት ቀን ቀደምኩ። ሠራተኛዋ በስልክ «ምን ተብሎ ይጻፍ?» አለችኝ። ልጄ ከጎኔ «አራተኛ ልደት በላት» ብላ በሹክሹክታ ነገረችኝ። «እንኳን ለ4ኛ ልደትሽ አደረሰሽ» አልኳት። ቀልዱን ማስረዳት ነበረብኝ። አላስረዳሁም።

ለባልዲዎቹ ምልክት የሚሆን ዘጠኝ ዓይነት ክር ከልብስ ሰፊ ለመንኩ፦ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡና ዓይነት። በየእጀታው ይታሰራል፤ የማን ምን እንደሆነ ደብተር ላይ ይጻፋል። በዚህ ሥርዓት ኮርቼበት ነበር።

ጳጉሜ 3፣ ዓርብ

ሩፋኤል። ከቀትር በኋላ ዘነበና የግቢው ሕፃናት እንደየዓመቱ ለጠበሉ ልብሳቸውን አውልቀው ወጡ። ልጄ መስኮት ላይ ሆና ካየቻቸው በኋላ ፀጉሯን ፈትታ ወረደች፤ ከነልብሷ ግን።

እኔ ግን ዝናቡን ያየሁት በሌላ ዓይን ነው። ሰኞ እንዲህ ቢዘንብስ? ዘጠኝ ልጅና ዘጠኝ ባልዲ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ደጅ መሆን አለበት። ከእድራችን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ልዋስ ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ ትንፋሽ አጠራት። «ለልጅ ልደት የለቅሶ ድንኳን ልትተክል ነው?» አማቴ ከክፍላቸው አማተቡ። ለሠርግም እኮ ይወሰዳል አልኩ። ለሠርግ ሲሆን አበባ ይደረግበታል ተባልኩ። ተደራደርን፦ ድንኳኑ ቀረ፣ አራት አግዳሚ ወንበር ተፈቀደ። ዝናብ ከመጣ ደረጃው ሥር እንጠለላለን።

ጳጉሜ 5፣ እሑድ

ቢላዋ አሳልኩ። ጎመንና ቀይ ስር ተገዛ፤ ጎመኑ በዝርዝሩ ላይ አልነበረም፣ አማቴ ናቸው። አዮዲንና ፕላስተር አዘጋጀሁ። ድፎው ነገ ሌሊት ይጋገራል።

ጳጉሜ 6፣ ሰኞ

ይህንን የምጽፈው ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። እጄን አምስት ጊዜ ታጥቤዋለሁ።

ጠዋት ደመና ነበር፣ በስድስት ሰዓት ገለጠ። አራቱን አግዳሚ ወንበሮች ከብሎካችን ፊት አራት ማዕዘን አድርጌ ደረደርኩ፤ መሐል ላይ ሳፋና መክተፊያዎች። ከአንደኛ ፎቅ ጎረቤት የኤሌክትሪክ ገመድ ዘርግተን ድምፅ ማጉያ ሰካን፤ ሙዚቃውን የሚመርጡት እነሱ ናቸው፣ አንዱንም ዘፋኝ አላወቅኩትም። በሰባት ሰዓት ልጆቹ መጡ። ባልዲ ይዞ ልደት የሚመጣ እንግዳ አይቼ አላውቅም። አንዷ ባልዲዋን በስጦታ ወረቀት ጠቅልላዋለች። ሚዛን ላይ ስናወጣው ሁሉም ተደምሮ ሃያ ሰባት ኪሎ ሆነ፤ ከግምቴ ጋር አንድ በመሆኑ ማንም ባያደንቀኝም እኔ ራሴን አደነቅኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች አሳፋሪ ነበሩ። ስልክ በአንድ እጅ፣ ቢላዋ በሌላው። ሥራውን ያስያዘው ያልጠበቅነው ሰው ነው፤ ከሁለቱ ወንዶች አንዱ። እናቱ ምግብ ቤት አላት፣ እሱም በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ያግዛታል፤ ይህንን ከጓደኞቹ አንድም አያውቅም ነበር። ተነሥቶ አሳያቸው። ሽንኩርቱን ለሁለት ክፈል፤ የሥሩን በኩል እንዳትቆርጠው፣ ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዘው እሱ ነው፤ በቁመቱ ደጋግመህ ሰንጥቅ፤ ከዚያ በአግድም። ቢላዋው መክተፊያው ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ዝናብ ነው የሚመስለው። ልጆቹ ስልካቸውን አስቀመጡ። ቀርጸው ከጨረሱ በኋላ ማለቴ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ዘጠኙም እያለቀሱ ነበር። ተራ እንባ አይደለም፤ አገጭ ላይ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ያነባ ታሪክ ይናገራል የሚለው ጨዋታ ሁሉም እኩል በማንባታቸው ተበላሸ። ያኔ መብራት ጠፋና ሙዚቃው ተቋረጠ። ግቢው ጸጥ አለ።

በዚህ ጸጥታ ውስጥ የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤታችን ከገበያ ተመለሱ። ያዩትን እናንተም እዩት፦ የእድር ወንበር ተደርድሯል፣ ልጆች ከበው ተቀምጠው ያለቅሳሉ፣ እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዝም ብዬ ቆሜአለሁ። ዘንቢላቸውን አስቀመጡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «ወይኔ ልጆቼ፣ ማን ነው?» ብለው ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን ሲያነሡ ልጄ ቀይ ዓይኗን ቀና አድርጋ «ልደቴ ነው እትዬ» አለቻቸው።

ለጥቂት ጊዜ ማንን እንደሚቆጡ ሲመርጡ ቆዩ። እኔን መረጡ። ያሰሙኝን ሁሉ አልጽፈውም፤ የእድር ወንበር የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ተቆጥተው ሲጨርሱ የአንዷን መክተፊያ አዩና «ይህ ደግሞ ምንድን ነው፣ ለበሬ ነው የምትከትፊው?» ብለው ቢላዋውን ተቀብለው ተቀመጡ። አርባ ደቂቃ ቆዩ። ከእሳቸው በኋላ ሁለት ጎረቤቶች ተጨመሩ። በልጅነታቸው ከነአበባየሆሹ እንዴት ቤት ለቤት ይዞሩ እንደነበር፣ ማን ቤት ምን ይሰጥ እንደነበር አወሩላቸው። ልጆቹ ነገ ጠዋት እንውጣ አንውጣ እየተባባሉ ተከራከሩ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ለዚያ ትልቅ ነው የሚሉት አሸነፉ፣ ግን በአንድ ድምፅ ብቻ።

መብራቱ ሳይመጣ ቀረ፤ ለእኔ በጎ ሆነ፣ ወሬያቸውን ሰማሁት። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ነው። ያኔ ሃያ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ማን የት እንደሚሆን ይገምታሉ። አንዷ በዚህ ጥቅምት ከቤተሰቧ ጋር ወደ ካናዳ ትሄዳለች።

«እዚያ ጳጉሜ አለ?» አላት ከልጆቹ አንዱ።

«የለም። ሴፕቴምበር 11 ነው።»

ሌላዋ በሽንኩርት እጇ ስልኳን ነክታ አየች። «ቅዳሜ ይውላል። ትምህርት የለም፣ ትደውያለሽ።»

የልጅቷ ሽንኩርት ገና ሁለት ራስ ይቀረው ነበር፤ ከግራና ከቀኝ አንዳንድ ወሰዱላት።

አሥር ሰዓት ላይ ቶርታው መጣ። ካርቶኑን ከፈትኩት። ኬክ ቤቱ የታዘዘውን አላጎደለም፤ እንኳን ለ4ኛ ልደትሽ ይላል። ከላዩ ላይ ግን ሮዝ ቀሚስ የለበሰች አሻንጉሊት፣ ዙሪያውን ጥንቸሎች፣ ከጎኑም በላስቲክ የሚታሰር የወረቀት ዘውድ። የአራት ዓመት ሕፃን መስሏቸዋል፤ ከዕድሜዋ ጋር እንዲሄድ ብለው ነው። ፊኛ የለም ያለችኝ ልጅ ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ዘውዱን አንሥታ አደረገችው። ላስቲኩ አጭር ስለሆነ አገጯ ሥር አልደረሰም፤ ጆሮዋ ላይ ጠመጠመችው። እስከ ማታ አላወለቀችም። አሻንጉሊቷን ማን ይውሰድ በሚለው ላይ ትልልቆቹ ልጆች ዕጣ ተጣጣሉ።

አንድ ጣት ተቆርጧል፤ ከወንዶቹ የአንዱ፣ ባለ ምግብ ቤቱ ያልሆነው። አንድ ፕላስተር በቃው። ፓስታው አለቀ፣ ሽሮው አለቀ፣ ጎመኑ ተረፈ። ዝናብ አልመጣም።

አሥራ አንድ ከሩብ ላይ ባልዲዎቹ ተከድነው ክር እየታየ ተከፋፈሉ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ የቀረው የሽንኩርት ልጣጭ ሁለት ማዳበሪያ ብቻ ነበር።

አንድ ሰዓት ላይ የብሎኩ ሰዎች ችቦ ለኮሱ። ልጄ ዘውዷን አድርጋ ወረደች። ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ድንች ትከትፋለች የተባለችው ልጅ እናት ናት። «ይህ ሽንኩርት የእኛ አይደለም» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ አልኳት። «ድቅቅ ብሏላ!» ደብተሬን አወጣሁ። የእነሱ ክር ብርቱካናማ ነው፣ የእኛ ቀይ። በምሽት ብርሃን ሁለቱን ያቀያየርኩት እኔ ራሴ ነኝ። አሁኑኑ ይዤ ልምጣ አልኳት። «አይ፣ ግዴለም» አለችና ቶሎ ብላ ዘጋችው።

ወጥ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ድስቱ ውስጥ ትመለከታለች። «ይህንን ማን ነው የከተፈው?» አለች። አላወቅኩም አልኩ። ቁሌቱ እስኪላም ከወትሮው አንድ ሰዓት በላይ ፈጀባት፤ አሁንም እያማሰለች ነው።

መስከረም 3 ቀን 2016፣ ሐሙስ

ወጪ 5,860 ብር። ግማሹ የሚያህለው ቶርታው ነው። ወንበሮቹን መለስኩ፤ የእድሩ ጸሐፊ ታሪኩን ሰምተው ነበርና ሲቀበሉኝ «ነፍስ ይማር» አሉኝ።

ድጋሚ ብሠራው የማስተካክለው፦ ቀይና ብርቱካናማን አንድ ላይ አልጠቀምም፤ ወንበሮቹ ላይ የሆነ ደማቅ ጨርቅ አደርጋለሁ፤ ለኬክ ቤት ዕድሜዋን እናገራለሁ። የመጨረሻውን ልጄ አትስማማበትም።

ባለቤት ያልቀረበላቸው ሁለት ቢላዋዎች አሉ፤ አንዱ እጀታው በጨርቅ የተጠመጠመ፣ በጣም ስለታም ነው። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሰባቱ ልጆች መጥተው ነበር፣ ከነአበባቸው፤ ትልቅ ሆነናል ያሉትም ጭምር። ሁለቱንም ቢላዋ አሳየኋቸው፣ አላወቁትም።

ዛሬ የሁለተኛ ፎቋ እትዬ ደረጃ ላይ አገኙንና «ለገና ዋዜማ ደግሞ መች ነው የምትሰበሰቡት? ታኅሣሥ 28 ማታ ነው ወይስ ቀን?» ብለው ጠየቁ።

«ዘንድሮ ገና ራሱ ታኅሣሥ 28 ነው እትዬ፣ ዋዜማው 27 ነው» አለቻቸው ልጄ። «የእኔ ቀን ገብታበታለች።»